ላፕቶፕ በሰው ሀገር ሲበላሽ



ከግቢያችን ተመርቀው ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ቱርክ፣ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ጀርመን የሚሄዱ ልጆች በየዓመቱ አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ከመሄዳቸው በፊት የሚጠይቁን ስለ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ፣ ስለ ቪዛና ስለ ማደሪያ ነው። ከሄዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጥያቄው ይቀየራል፦ «ላፕቶፔ አልበራ አለ፣ ቴሲሴ ውስጡ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይላሉ። እኛም ኢንጂነሪንግ ስለምንማር ጥያቄው በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። ሰው ሁሉ ኢንጂነር ከሆነ ኮምፒውተር ይጠግናል ብሎ ያስባልና፣ ሲቪል የሚማረው እንኳ ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም።

ስለዚህ የዚህ ዙር ትምህርታችን በዚሁ ላይ እንዲሆን ወሰንን። ሁሉንም ሀገር መዘርዘር ስለማይቻል ቱርክን ዋና ምሳሌ አድርገን ይዘናል። ከጀማዓችን ብዙ የሄደው ወደዚያ ነው፤ ስለ አሠራሩም በደንብ ጠይቀን ያጣራነው የዚያን ነው። ሌሎቹን በየመንገዱ እንነካለን።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ሀገር ቤት ላፕቶፕ ሲበላሽ ጠጋኙ ዘንድ እንሄዳለን፤ እሱም በካቻቢቴ ይከፍተዋል፣ የተቃጠለችውን ትንሽ ቁራጭ ፈልጎ በብየዳ ይቀይራታል፣ እኛም ዋጋ ተከራክረን እንከፍላለን። የእጅ ዋጋ ርካሽ፣ መለዋወጫ ደግሞ ውድ በሆነበት ሀገር ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው። የእጅ ዋጋ ውድ በሆነበት ሀገር ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ለሁለት ብር ቁራጭ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል፤ ማዘርቦርዱን እንዳለ አንሥተው ሌላ ይተካሉ፣ ያንንም በደረሰኝ ያስከፍላሉ። ጀርመን ያሉ ወንድሞቻችን «የጥገናው ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ በለጠ» ሲሉ የሚገርመን ይህን ስለማናስብ ነው። ቱርክ በዚህ ረገድ መሀል ላይ ናት፤ ቁራጭ የሚቀይር የመንገድ ጠጋኝም አለ፣ የድርጅቱ ወኪል አገልግሎትም አለ።

ገና እዚህ ሳላችሁ

ብዙዎቻችን የያዝነው ላፕቶፕ ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከሪያድ በዘመድ እጅ የመጣ ነው። ኪቦርዱ ላይ የዐረብኛ ፊደል የተጻፈበት በመሆኑ ይታወቃል። የእንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው በተሸጠበት ቀጠና ብቻ ነው። ለቢሮና ለድርጅት ተብለው የሚሠሩት ሞዴሎች ዋስትናቸው በብዛት ዓለም አቀፍ ሲሆን፣ ለቤት ተጠቃሚ የሚሠሩት ርካሾቹ ግን በአብዛኛው እንደዚያ አይደሉም። ለማወቅ ከሥሩ የተለጠፈውን የመለያ ቁጥር ወስዳችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ነው፤ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅና የት እንደሚሠራ ያሳያችኋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ደረሰኙን ከላከላችሁ ዘመድ ዘንድ አስፈልጉና ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። ዘመዳችን ደረሰኙን ጥሎት ከሆነ የሸጠውን ሱቅ በድጋሚ እንዲያወጣለት ይጠይቅ፤ ስልክ ቁጥሩ ተመዝግቦ ከነበረ ብዙ ሱቆች ያወጣሉ።

ቀጥሎ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። በአዳፕተሩ ላይ «ግቤት» በሚለው መስመር ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተብሎ ከተጻፈ የትም ሀገር ይሠራል፤ ዛሬ የሚሠሩት የላፕቶፕ ቻርጀሮች ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው። የሚለያየው የሶኬቱ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቱርክና ጀርመን እንደኛው ሁለት ክብ እግር ያለውን ይጠቀማሉ። ሳዑዲ፣ ኤምሬቶችና ማሌዥያ የእንግሊዝን ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ አሜሪካ ደግሞ ሁለት ጠፍጣፋ እግር ይጠቀማሉ፤ የአሜሪካው ኃይል 120 ቮልት ነው። ለዚህ ትራንስፎርመር መግዛት አያስፈልግም፤ ርካሽ የመሰኪያ መቀየሪያ ይበቃል።

«ውጤት» የሚለው መስመር ግን ቻርጀር ጠፍቶ ሌላ ስትገዙ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ለምሳሌ 19.5 ቮልት እና 3.34 አምፔር ከተጻፈ፣ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 65 ዋት ይመጣል። የሚገዛው ቻርጀር ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ ከፍ ቢል አይጎዳም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል። ዝቅ ካለ ግን ቻርጀሩ ይግላል፣ ባትሪውም አይሞላም። «እግሩ ገባ» ብሎ መግዛት የብዙ ላፕቶፕ መቃጠያ ምክንያት ነው። በሞባይል ቻርጀር ዓይነት መሰኪያ፣ በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉት አዳዲሶቹ ቮልቱን ራሳቸው ከቻርጀሩ ጋር ይስማማሉ፤ እዚያ ላይ ዋቱ በቂ መሆኑን ብቻ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዊንዶውስ ያለባቸው አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን ሳይነግሩን በቁልፍ ይቆልፋሉ፤ ስሙ ቢትሎከር ይባላል። ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ካለ ትንሽ ቺፕ ጋር የታሰረ ነው። በየቀኑ ስለሚከፍትልን መኖሩን አናውቅም። ማዘርቦርዱ የተቀየረ ዕለት ግን ያ ቺፕ አብሮ ይሄዳል፣ ላፕቶፑም ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም በውስጡ ያለውን ማንም አይከፍተውም፤ አምራቹም፣ ማይክሮሶፍትም፣ የትኛውም ጎበዝ ጠጋኝም።

ቁጥሩ የሚቀመጠው ላፕቶፑን ስንከፍት በተጠቀምንበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን የገባነው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል መሆኑ ነው። ከተመረቅን በኋላ ያ ኢሜይል ሊዘጋ ይችላል፤ ሲዘጋ ቁልፉም፣ በዚያ ኢሜይል ደመና ላይ የሰቀልነው ፋይልም አብሮ ይዘጋል። ከእኛው ዲፓርትመንት ተመርቆ የሄደ አንድ ወንድማችን የደረሰበት ይኸው ነው። ላፕቶፑ ዋስትና ነበረው፣ ማዘርቦርዱን በነፃ ቀየሩለት፣ ደስ ብሎት ወስዶ ሲከፍተው 48 አሃዙን ጠየቀው። የአራት ወር የላብራቶሪ ልኬት እዚያው ተቆልፎ ቀረ። ለአማካሪው በኢሜይል የላከው ረቂቅ ምዕራፍ ብቻ ተረፈለት፤ ልኬቱን እንደገና ሠራው።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ብትሆኑም ግድ የለም፣ የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ዲስኩ መቆለፉን እዩ። ከተቆለፈ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጡና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። ላፕቶፑ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ቁልፍን ከተቆለፈ ሣጥን ውስጥ እንደመተው ነው። ፋይሎቻችሁንም ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ወደ ግል አካውንታችሁ አዛውሩ። ባክአፕ የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ይህ ከበዛባችሁ ቢያንስ አንድ ውጫዊ ዲስክና አንድ ደመና ይኑራችሁ። ፍላሽ ባክአፕ አይደለም፤ ፍላሽ ፋይል ማመላለሻ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። ኢሜይላችሁ ሲከፈት የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደ ኢትዮጵያ ቁጥራችሁ ከሆነ፣ ውጭ ሀገር ሆናችሁ ላፕቶፕ ሲበላሽና በሌላ ኮምፒውተር ለመግባት ስትሞክሩ ኮዱ ላይደርሳችሁ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት መጠባበቂያ ኮዶቹን አውጥታችሁ ጻፏቸው ወይም ኮድ የሚያወጣ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

ሲበላሽ መጀመሪያ ምን እንይ?

ወደ ጠጋኝ ከመሄድ በፊት ብልሽቱ የት አካባቢ እንደሆነ ማወቅ ገንዘብም ክብርም ያድናል። ቋንቋ የማያውቅ ተማሪ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ሲሉት የሚመልሰው የለውምና።

ጭራሽ ካልበራ ሶኬቱንና ቻርጀሩን በሌላ ሞክሩ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ የሚወጣ ባትሪ ከሆነ እሱንም አውጡት። በውስጡ የተጠራቀመው ቻርጅ ሲወጣ ብዙ «የሞተ» ላፕቶፕ ይነሣል። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ስክሪኑን በአግድም እዩት፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የጠፋው የስክሪኑ መብራት ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከመጣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ስክሪኑ ወይም በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ ነው። ይህን አረጋግጣችሁ ሱቅ ከገባችሁ ማንም ማዘርቦርድ አይሸጥላችሁም።

የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካወጣ ወዲያው አጥፉት። ደግማችሁ ባበራችሁት ቁጥር የሚጠፋው ይበዛል።

ሻይ ከፈሰሰበት (ቱርክ ውስጥ ሻይ ከውኃ በላይ ይጠጣልና ይህ እንግዳ ነገር አይደለም) ቻርጀሩን ንቀሉ፣ በግድ አጥፉት፣ ከፍታችሁ በድንኳን ቅርጽ በግንባሩ ድፉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጥቅም የለውም። ስኳሩ የሚወጣው ተከፍቶ በአልኮል ሲታጠብ ነው፤ እስከዚያ ድረስ «በርቷል ወይ?» እያሉ መሞከር ነው ማዘርቦርዱን የሚያቃጥለው። ፈሳሽ ያደረሰው ጉዳት በተራ ዋስትና አይሸፈንም። ብሎኑን ራሳችሁ ለመፍታት ከማሰባችሁ በፊትም ዋስትናው አለመኖሩን አረጋግጡ።

ቱርክ ውስጥ የገዛችሁት ከሆነ

መድረሳ የተማረ ሰው የቱርክን የሸማቾች ሕግ ሲያይ የሚገርመው ነገር አለ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ «አዪፕሊ ማል» ይሉታል። «አዪፕ» ያው «ዐይብ» ነው። በፊቅህ ኪታብ በሽያጭ ምዕራፍ «ኺያሩል ዐይብ» ብለን የቀራነው፣ ገዢው የተደበቀ ጉድለት ሲያገኝ ያለው የመመለስ ምርጫ፣ በስሙ ሳይቀር እዚያ ተቀምጧል። ብልሽት «አሪዛ» ነው፣ ጥገና «ታሚር»፣ አደራ «ኤማኔት»፣ ዳኛ ሸምጋይ «ሃኬም»። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባሉት ዓመታት የሐነፊ ፊቅህን በአንቀጽ አድርገው መጀለ በሚባለው የሕግ መጽሐፍ ሰብስበውት ነበር። ሪፐብሊኩ እ.ኤ.አ. በ1926 ከስዊዘርላንድ የተወሰደ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተካበት፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። የዛሬው ሕግ ይዘቱ ዘመናዊ ነው፣ ፊቅህ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ቋንቋውን ሳታውቁ ወረቀቱ ላይ ግማሹን ቃል ታውቁታላችሁ፤ ይህ ሱቅ ውስጥ ልብ ይሰጣል።

ሕጉ ቁጥሩ 6502 ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2014 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ከአራት ነገሮች አንዱን የመምረጥ መብት አላችሁ፦ መልሶ ገንዘብ መውሰድ፣ ዕቃውን ይዞ ዋጋ ማስቀነስ፣ በነፃ ማስጠገን፣ ወይም ጉድለት በሌለበት ማስቀየር። በስድስት ወር ውስጥ የታየ ጉድለት በርክክቡ ጊዜ እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚለው ሻጭ ማስረጃውን ያመጣል። በኪታባችንም ትልቁ ክርክር ይኸው ነበር፤ ጉድለቱ የመጣው ከሻጩ ዘንድ ነው ወይስ በገዢው እጅ?

ከዚህ በተጨማሪ «ጋራንቲ በልገሲ» የሚባል የዋስትና ወረቀት አለ፤ ላፕቶፕ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ወረቀቱን አንብቡት። ጥገናው ከ20 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። በ10 የሥራ ቀን ካላለቀ አምራቹ ወይም አስመጪው እስኪያልቅ የምትሠሩበት ተመሳሳይ ዕቃ ሊሰጣችሁ ይገባል። ይህን ብዙ ተማሪ አያውቅም፤ የማይጠይቅም አይሰጠውም። ጥገና ላይ የቆየበት ጊዜ በዋስትናው ላይ ይጨመራል። ቀኑ ካለፈ፣ ወይም ተጠግኖ በዋስትናው ውስጥ እንደገና ከተበላሸ፣ ወይም አይጠገንም ከተባለ፣ ገንዘባችሁን ወይም ቅያሪ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ይህ ሁሉ ግን በ«ፋቱራ» ላይ የቆመ ነው። እኛም አያቶቻችን ፋክቱር ብለውታልና ቃሉ አይጠፋችሁም። ያለ ፋቱራ ርካሽ እንሸጥላችሁ የሚል ሱቅ ቅናሹን የሚሰጣችሁ ከመብታችሁ ቆርሶ ነው። ኢስታንቡል ሲርኬጂ አካባቢ ባለው ዶዑባንክ ሕንፃ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ስትዞሩ ይህን አስታውሱ።

የሚወሰደው ወደ «የትኪሊ ሰርቪስ» ነው፤ የድርጅቱ ሕጋዊ ወኪል ጠጋኝ ማለት ነው። የመንገድ ጠጋኞችም በራቸው ላይ የድርጅቱን ምልክት ትልቅ አድርገው ይለጥፋሉ፤ ወኪል መሆናቸውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አረጋግጡ። አንዳንዴ ወኪሉ ላፕቶፑን አይቶ «ኩላኒጂ ሃታሲ» ይላል፤ የተጠቃሚ ጥፋት ነው ማለቱ ነው። ያኔ ዋስትናው አይሠራም። አንድ ወንድማችን እንዲህ ተባለ፤ ማጠፊያው ተሰብሮ ነበር፣ ላፕቶፑ ግን ወድቆ አያውቅም። ተከራክሮ ሲሰለቸው ከፍሎ ሊያሠራ ነበር፤ የማደሪያ ጓደኛው ከለከለውና ወደ ሸማቾች ሸምጋይ ጉባኤ፣ «ቱኬቲጂ ሃኬም ሄዬቲ» እንዲያመለክት ነገረው።

ለጉባኤው በወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በኩል ማመልከት ይቻላል፣ ማመልከቻው ክፍያ የለውም። በየዓመቱ ከሚወሰን የገንዘብ መጠን በታች ያለውን ክርክር ያያል፤ የተማሪ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። በመንግሥቱ የኦንላይን አገልግሎት በኢ-ዴቭሌትም ማመልከት ይቻላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ስታወጡ የሚሰጣችሁ በ99 የሚጀምረው የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥር ለመግባት ይረዳችኋል። ያ ወንድም ፋቱራውን፣ የአገልግሎቱን ወረቀትና ከስድስት አቅጣጫ ያነሣቸውን ፎቶዎች አያይዞ አመለከተ። ወራት ፈጅቷል፤ በመጨረሻ ገንዘቡ እንዲመለስለት ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የሠራው በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ነው። መብት አለ ማለት ነገ ጠዋት ይገኛል ማለት አይደለምና፣ ቴሲስ የማስረከቢያ ቀን የቀረበበት ሰው ሁለቱን በአንድ ላይ ያስኬድ፦ ክርክሩንም፣ የሚሠራበት ሌላ ኮምፒውተር ፍለጋውንም።

ጀርመንና ሌሎች የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ላይ ሻጩ ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ኃላፊነት አለበት፤ በመጀመሪያው ዓመት የማስረዳት ሸክሙ በሻጩ ላይ ነው። ሱቁ «ወደ አምራቹ ሂድ» ብሎ ቢመልሳችሁ ሕጉ የሚያውቀው ሻጩን መሆኑን ንገሩት። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. የ1999 የሸማቾች ጥበቃ ሕግና ያለ ጠበቃ የሚቀረብበት ጉባኤ አላት። ኳላላምፑር ውስጥ ለኮምፒውተር ሁሉም የሚሄደው ሎው ያት ፕላዛ ነው፤ ብዙ ሱቅ ጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ።

በሰው እጅ ስታስረክቡ

ላፕቶፕ ለጠጋኝ መስጠት በፊቅህ ሁለት ነገር ያጣመረ ነው፦ የእጅ ሥራ ኪራይና አደራ። ዕቃው በእሱ ዘንድ ሳለ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ይከፍላል ወይ የሚለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ለሰው ሁሉ የሚሠራ ባለ ሙያ እጁ የአደራ እጅ ነው፣ ካላጠፋ ወይም ችላ ካላለ አይከፍልም ይላሉ። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ሊከላከለው ከማይችለው ነገር በስተቀር ይከፍላል ይላሉ፤ ማሊኪዮችም የእጅ ባለሙያን ያስከፍላሉ። ከዐሊይ (ረ.ዐ) ባለሙያዎችን ያስከፍሉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ምክንያቱም የሰው ንብረት እንዳይጠፋ ነው። ክርክሩን ወደዚህ ያመጣነው ለአንድ ነገር ነው፦ ጥፋቱ ከማን ዘንድ እንደመጣ ማወቅ የሚቻለው ዕቃው ሲሰጥ የነበረበት ሁኔታ ከታወቀ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት ላፕቶፑን ከሁሉም ጎን ፎቶ አንሡ፣ ያለውን ጭረት ጨምራችሁ። የአገልግሎት ወረቀቱ ላይ የመለያ ቁጥሩ፣ የራሙና የዲስኩ መጠን፣ ቻርጀሩ አብሮ መሰጠቱና ቀኑ ይጻፍ። ስትቀበሉም እዚያው ቆማችሁ ከፍታችሁ እዩ፤ 16 ጊጋባይት ራም ሰጥቶ 8 መቀበል በየሀገሩ ያለ ነገር ነው።

የውስጡ ነገር ደግሞ ከውጪው ይብሳል። በተለይ እህቶቻችን። በላፕቶፑ ውስጥ የቤተሰብ ሠርግ፣ ያለ ሒጃብ የተነሣ ፎቶ፣ የግል መልእክት አለ። ጠጋኙ ሥራውን ለመፈተሽ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ብዙ ሰው ጽፎ ይሰጣል። አያስፈልግም። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ባትሪ ወይም ቻርጅ መግቢያ ለመቀየር ዊንዶውስ ውስጥ መግባት ግዴታ አይደለም። ካስፈለገ ባዶ የእንግዳ አካውንት ፍጠሩለት። ከሁሉ የሚሻለው ዲስኩን አውጥቶ ማስቀረት ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ኤስኤስዲው በአንድ ብሎን የታሰረ ነው፣ ጠጋኙ ፊታችሁ እንዲያወጣው ጠይቁ። የወኪሉ አገልግሎት ይህን እምቢ ካለ፣ ቢትሎከር እዚህ ላይ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ወዳጅ ይሆናል፦ የይለፍ ቃሉን ካልሰጣችሁ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ቢያስገባውም ምንም አያነብም።

አይጠገንም ከተባለ

የጥገናው ዋጋ ተመሳሳይ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ግማሹን ካለፈ እኛ እንዲቀየር እንመክራለን። ይህ ሕግ አይደለም፤ የእኛ ግምት ነው። ልዩ የሚሆነው የምህንድስና ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ነው፤ ጠንካራ ግራፊክስ ያለው ማሽን በተማሪ አበል መግዛት ከባድ ስለሆነ መጠገኑ ሊያዋጣው ይችላል።

ያገለገለ ስትገዙ ቱርክ ውስጥ ከነጋዴ መግዛት ከግለሰብ ይለያል። ነጋዴ የሸጠው ያገለገለ ዕቃ ላይ ኃላፊነቱ ከአንድ ዓመት ሊያንስ አይችልም። ከግለሰብ በማስታወቂያ የተገዛ ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ስታዩት ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩት፤ ከዊንዶውስ በፊት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ወይም የአንድ ድርጅት ስም ከመጣ ተዉት፤ የመሥሪያ ቤት ንብረት ሊሆን ይችላል። ማክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን እዩ፤ ካልወጣ የምትገዙት ውድ የአሉሚኒየም ሳህን ነው። ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ስንት እንደቀረው ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩ ፊት አስወጡት። በዊንዶውስ 10 ብቻ የሚሠራ አሮጌ ማሽን ርካሽ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት ነፃ ድጋፉን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 እንዳቆመ አስታውሱ፤ ሊኑክስ የሚችል ሰው ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ያተርፋል።

ኪቦርዱንም ልብ በሉ። የቱርክ ኪቦርድ ነጥብ ያለውና ነጥብ የሌለው «ኢ» ለየብቻ አለው፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው ምልክቶቹ ቦታ ስለሚቀይሩበት ሁለት ሳምንት ይናደዳል፣ ከዚያ ይለምደዋል። «ኤፍ» የሚባለውን አቀማመጥ ግን አትግዙ፤ ፊደላቱ በሙሉ ሌላ ቦታ ናቸው።

በክፍያ በኩል «ታክሲት» የሚባል በየወሩ የመክፈል አሠራር በየሱቁ አለ። ዋጋው ከመጀመሪያው ተቆርጦ፣ ጭማሪ ሳይኖረው በክፍል በክፍል የሚከፈል ሽያጭ ብዙኀኑ ዑለማዎች የፈቀዱት ነው። ከባንክ ተበድሮ በወለድ መክፈልና ሲዘገይ ወለድ የሚቆጥር ካርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውሉን ይዛችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ፤ ላፕቶፕ የሚያውሱ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ሀገር ቤት ካለ ቤተሰብ ገንዘብ ከማስላክ በፊት ይህን በር ማንኳኳት ይቀድማል። አባቶቻችን «ልጃችን ተቸገረ» ከተባሉ ከብት ይሸጣሉ እንጂ ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቁም።

የተበላሸውን ለመሸጥ ስታስቡ ማስታወቂያው ላይ ጉድለቱን ጻፉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ሻጩን እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዲያደርገው ማዘዛቸውን ታውቃላችሁ። ላፕቶፕ ላይ እርጥቡ «ማዘርቦርዱ አንድ ጊዜ ተጠግኗል» የምትለዋ መስመር ናት። ለመለዋወጫ ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕም ገዢ አለው፤ ስክሪኑና ራሙ ብቻቸውን ዋጋ ያወጣሉ። ከመሸጣችሁ በፊት ዲስኩን አውጡ።

ለዕረፍት ስትመጡ መለዋወጫ ይዞ መምጣት የሚፈልግ ሰው ስለ ባትሪ ይወቅ። የባትሪ መጠን በዋት-አወር ይለካል፤ ቮልቱን በአምፔር-አወሩ ማባዛት ነው። 11.1 ቮልት፣ 4400 ሚሊ አምፔር-አወር የተጻፈበት ባትሪ ወደ 49 ዋት-አወር ይመጣል። እስከ 100 ዋት-አወር ያለውን በእጅ ሻንጣ ይዞ መሳፈር ይቻላል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ለብቻው ያለ መጠባበቂያ ባትሪ ግን ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ያበጠ ባትሪ፣ ማለትም ኪቦርዱን ወይም የመዳፊት ሰሌዳውን ወደ ላይ የገፋ፣ አይሞላ፣ አይወጋ፣ አውሮፕላንም ላይ አይወጣ፤ እዚያው ሀገር የባትሪ መሰብሰቢያ ሣጥን ያለበት ቦታ ወስዳችሁ ስጡት። የሰው ላፕቶፕ አደራ ይዛችሁ የምትመጡም እንዲሁ፣ ከመቀበላችሁ በፊት ከፍታችሁ አብሩት፣ ባትሪውን እዩት፣ ፎቶ አንሡት፤ በኤርፖርቱ ፍተሻ ላይ የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው።

ስልክ ግን ሌላ ሕግ አለው። ከሀገር ይዛችሁት የሄዳችሁት ስልክ በቱርክ ሲም ከ120 ቀን በላይ እንዲሠራ መመዝገብና ከፍ ያለ ክፍያ መክፈል ይጠይቃል፤ ላፕቶፕ ላይ ይህ የለም። ስለ ስልኩ በሚቀጥለው ዙር ኢንሻአላህ በሰፊው እንጽፋለን፤ እስከዚያ ጥያቄ ያላችሁ ከዐስር ሶላት በኋላ በጀማዓው የትምህርት ክፍል ጠረጴዛ ታገኙናላችሁ፣ የቢትሎከሩን ቁጥር ማውጣት ያቃታችሁም ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ።